ለልሳነወርቅ የተጠራው ዋስ

አንባቢ ሆይ፣ የሰው ትዝታ ከቆላ ወደ ደጋ እንደሚወጣ ጉም አንዱን ሸንተረር ገልጦ ሌላውን የሚሸፍን፣ ዛሬ ያሳየውንም ነገ የሚነሣ ነውና፣ ከዚህ በታች በምጽፈው ታሪክ ወሩን ከወር፣ የአንዱንም ቃል ከሌላው ቃል አሳስቼ ብገኝ፣ ዕድሜዬ መግፋቱን፣ ትምህርቴም ከዳዊትና ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ መሆኑን አስባችሁ ይቅር በሉኝ፤ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ ለመጻፍ የሚቻለኝን ያህል ተጠንቅቄአለሁ። ሰው ሁሉ ጥበብን ሲመኝ ዋጋዋን በወርቅና በብር ይገምታል። እርሷ ግን ሻጭ ሆና በቆመች ጊዜ ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀው ዕድሜን ነው፤ ዕድሜውንም የሚከፍለው ደክሞ የተማረው ብቻ ሳይሆን፣ በደጃፍ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን የሚያየው ወገኑ ጭምር ነው።

በደብረ ሲና ከተማ፣ መንገዱ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ቆላው እየተጠማዘዘ ከሚወርድበት ሥፍራ፣ ወይዘሮ አስካለ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ትዕግሥተኛና ጭምት ሴት በአውቶቡስ መስኮት ሙዝና ብርቱካን እያቀበለች ትኖር ነበር። ባሏ ታሞ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ሲወሰድ ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ስላረፈ፣ አንድ ልጇ ልሳነወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሞ የሚያልም፣ ተጠርቶም ቶሎ የማይሰማ ልጅ ሆነ፤ ጉሙ ሲነሣ በውስጡ ነጭ የለበሱ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው በዝግታ ሲያልፉ እንደሚታዩትና፣ ፊታቸውን ለማየት ቢከተላቸው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ እንደሚቀድሙት አንድ ቀን አጫውቶኛል። አድጎም ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስገባውን ፈተና አለፈ፤ ነገር ግን የትምህርቱ፣ የመጽሐፉና የቀለቡ ወጪ በሙዝና በብርቱካን የሚደረስበት አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሠራዊቱ ሐኪም የሚሆኑትን በራሱ ወጪ አስተምሮ፣ ለእናታቸውም መደጎሚያ እየሰጠ፣ በምላሹ ዐሥር ዓመት እንዲያገለግሉት የሚያደርግ መሆኑ ተሰማ። የከተማው ጸጉር አስተካካይም ይህን ሰምቶ፣ «አንተ ልሳኔ፣ ሐኪም ስትሆን በመርፌ፣ ወታደር ስትሆን በጥይት ልትጨርሰን ነው፤ አንዱን ምረጥና እኛም መሸሻችንን እንወቅ» ቢለው፣ ልጁ ከሕልሙ እንደ ነቃ ሰው ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ምላጭ ይዘው ስንት ዘመን አንገታችንን ሰጥተንዎት ኖረን የለ!» አለው።

ሆኖም ለውሉ ዋስ ያስፈልግ ነበር፤ ተማሪው ከአገልግሎቱ ቢኮበልል የወጣበትን ሁሉ ከንብረቱ የሚከፍል፣ ሀብቱ የታወቀ ሰው። በከተማችን እንዲህ ያለ ሀብት የነበረው የወፍጮው ባለቤት አቶ ዘውገ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከወይዘሮ አስካለ ባል ጋር በአንድ የጌሾ ጓሮ ወሰን ተሟግቶ፣ ሟቹን በፍርድ ረትቶ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች የእግዜር ሰላምታ ተነፋፍገው፣ በለቅሶ ድንኳን እንኳ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው የኖሩ ናቸው። በእኛ አገር ሥርዓት ደግሞ እርቅ የሚለምን ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከባላንጣው ደጅ ይቆማል፤ «አውርድ» እስኪባልም አያወርድም። ወይዘሮ አስካለም ከቤቷ ጀርባ ካለው ገደል ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥታ፣ ሽማግሌዎች ሆነን አብረናት እንድንቆም እኔንና አባ ጽጌ የተባሉትን ቄስ ጠራችን። አባ ጽጌ ድንጋዩን አይተው ደነገጡና፣ «ኧረ አስካለ፣ ድንጋይ የሚሸከመው በዳይ ነው፤ አንቺ የተበደልሽ ሆነሽ ሥርዓቱን ገለበጥሽው» ቢሏት፣ «አባቴ፣ ሥርዓቱ እስኪቃና ልጄ ያረጃል» ብላ ፊት ፊት ሄደች።

ጉሙ መንደሩን ሁሉ እንደ ነጠላ ሸፍኖት፣ የወፍጮው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ እንኳ ሳይለይ፣ አቶ ዘውገ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጥቶ ብቅ አለ። መጀመሪያ ሴትዮዋን፣ ቀጥሎ ድንጋዩን አየ፤ ቀርቦም ድንጋዩን በዱቄታም እጁ ዳበሰው።

«ይህን ድንጋይ ከየት አገኘሽው?»

«ከገደሉ ሥር። ምነው አያ ዘውገ፣ ድንጋይ አይተህ አታውቅም?»

«የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ሌላ ሰው በአፉ የሚናገርበት እስኪመስል በቀስታ። «ወደ ገደሉም የወረወርኩት እኔ ነኝ። ወሰኑ ባልሽ ባለበት ነበር፤ ዳኛውን ያታለልኩ እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ይህን ከቶ አታውቅም ነበር፤ ያነሣችውም ድንጋይ የወሰኑ ድንጋይ ይሁን ሌላ፣ በገደሉ ሥር ድንጋይ ሞልቷልና፣ እኔ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም። አቶ ዘውገ ግን ድንጋዩን ከአንገቷ አንሥቶ ከራሱ አንገት ላይ አደረገና፣ ከጭቃው ላይ ተንበረከከ። ሴትዮዋ የባሏን ስም የምትጠራ መስሎን ነበር።

«ጓሮውን አልጠይቅህም» አለች በመጨረሻ። «ለልጄ ዋስ ሁንልኝ፤ ሠራዊቱ ሕክምና ሊያስተምረው ነው።»

«ቢጠፋስ?»

«ቢጠፋ ወፍጮህ ይወሰዳል።»

«ቢሞትስ?»

«ቢሞትማ አንተ ነጻ ነህ» አለች፣ ፊቷን አዙራ።

አባ ጽጌም ዕንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «በል አውርድ ዘውገ፤ ሳትፈርም አንገትህ ተሰብሮ ሌላ ዋስ ፍለጋ እንዳታንከራትተን!» አሉት።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ በእንቅልፍና በመንቃት መካከል እንደሚሰማ የሩቅ ዜማ አለፉ። ልሳነወርቅ የሰውን ሥጋ ጅማቱን ከአጥንቱ ለይቶ ተማረ፤ ማዕረግ በትከሻው፣ የልብ ማዳመጫ በአንገቱ አድርጎ ሲመጣ፣ ከአውቶቡሱ ደጃፍ ቀድሞ የሚቀበለው ያ በደለኛ የነበረ፣ አሁን ግን ከአባት የማይተናነስ ዘውገ ነበር። በሰሜን ጦርነቱ በጸና ጊዜ የጦር ሐኪም ሆኖ ወደዚያ ተላከ፤ በመካከሉም አንድ ጊዜ ብቻ ለጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ፤ መጥቶም ተኛ፤ ተኝቶም እጆቹ ብቻቸውን እንደነቁ ሁሉ በብርድ ልብሱ ላይ አንድ ነገር ሲሰፉ፣ አንድ ነገር ሲቋጥሩ እናቱ ተቀምጣ ታይ ነበር። አቶ ዘውገም ይህን አብሯት ሲያይ ቆይቶ፣ ልጁ በነቃ ጊዜ፣

«ልሳኔ፣ ልጄ፣ ጥፋ» አለው። «በቆላው በኩል የሚያሻግርህ ሰው አውቃለሁ። ወፍጮውን ይውሰዱት፤ የእኔም ጆሮ ከጩኸቱ ይረፍ።»

«ጋሼ ዘውገ፣ ለሠራዊቱ እርስዎ ዋስ ሆኑልኝ» አለው ልሳነወርቅ። «ቁስለኞቹ ግን ያለ ዋስ ነው ያመኑኝ።»

እናቱም የካፖርቱን ቁልፍ ከታች ጀምራ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት፤ የላይኛውንም ቆልፋ ስታበቃ እጇ ከዚያው ላይ ጥቂት ቆየ።

ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማንበት ቀን የገበያ ቀን ነበረ፤ ግንቦት ይመስለኛል። ቁስለኞች የጫነ መኪና ለውኃ ቆሞ፣ አንድ ክንዱ የተቆረጠ አሥር አለቃ ወርዶ በብርቱካኑ ቅርጫቶች መካከል የሐኪሙን እናት ጠየቀ።

«እናቱ እርስዎ ነዎት? ክንዴን የቆረጠው እሱ ነው፤ እግዜር ይስጠው፣ ባይቆርጠው እዚህ አልቆምም ነበር። ጦሩ ሲያፈገፍግ ከእኛ ጋር ተሳፍሮ ነበር፤ ኋላ ወረደ። በሕክምናው ድንኳን ሊነሡ የማይችሉ ቁስለኞች ቀርተዋል።»

«ከዚያስ?» አለ አቶ ዘውገ፣ ከወፍጮው ሮጦ ስለመጣ እያለከለከ።

«ከዚያማ እኛ ሄድን።»

«ሞተ?»

«አላየሁም።»

«ተማረከ?»

«አላየሁም፣ አባባ። ያየሁት እጅጌውን እየጠቀለለ ተመልሶ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ከቅርጫቷ ትልልቁን ብርቱካን መርጣ፣ በአንድ እጁ ሊልጠው እንደማይችል አስተውላ፣ እራሷ ልጣ ሰጠችው። ሰዎች መጥተው የለቅሶ ድንኳን እንትከል ወይስ እንቆይ ብለው በሹክሹክታ ሲጠያየቁ፣ አቶ ዘውገ መሐላቸው ገብቶ፣ «ማንም ነጠላውን እንዳያዘቀዝቅ! ዋሱ እኔ ነኝ፤ ገና አልተፈታሁም» አለ፤ ሄዶም ከእርሷ አጠገብ፣ መንገዱ ከቆላ ብቅ ከሚልበት ትይዩ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ አልሰማሁም፤ ይህን ግን ተረዳሁ፦ በወረቀት ለሰው ዋስ የሆነ ዘመኑ ሲደርስ በወረቀት ይፈታል፤ በፍቅር ዋስ የሆነ ሰው ግን የሚያሰናብተው ዳኛ በምድር ላይ የለውም።