ከመዞር በፊት

አይ፣ ተሳስቼ ነው፣ ጣቷ አዳልጧት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆይተናል፣ ላብ አለ፣ ላብ ያንሸራትታል፣ አንድ ሁለት ሦስት ይላል ሮቤል ከፊት ቆሞ እያጨበጨበ፣ እናቶቼ ትከሻ ይረፍ፣ ይሄ እስክስታ አይደለም፣ ዋልትዝ ትከሻ አይፈልግም፣ እግር ብቻ፣ መዞሪያው ሊደርስ ነው፣ ደረሰ፣ ይኸው፣ ደግማ ጫነችው። በአውራ ጣቷ፣ መዳፌ መሀል ላይ። ጫን፣ ለቀቅ፣ ከዚያ ወደ ግራ።

የኃይሉ ነው። የባሌ። ከሞተ ሰባተኛ ዓመቱን የያዘው የኔ ኃይሉ።

ይቺን ሴትዮ የት አውቃታለሁ፣ ዛሬ ገና ነው የመጣችው፣ ሣህሊቱ እባላለሁ አለችኝ ቅድም በር ላይ፣ የሚኤሶ ሰው ነኝ፣ ልጄ ኤደን ጭሮ ሥራ ስታገኝ ይዛኝ መጣች፣ ሐኪሙ ስኳርሽ በክኒን ብቻ አይወርድም ተንቀሳቀሺ አለኝ፣ እርስዎስ፣ እኔ ግፊት ነው አልኳት፣ ግፊትና ጉልበት፣ ተሳሳቅን፣ ረዘም ስለምትል ሮቤል እርስዎ የወንዱን ቦታ ይያዙ አላት፣ ወንድ ቸግሮናል፣ ሴት ለሴት ነው የምንይያዘው፣ የዚህ አገር ወንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሲደንስ ከሚታይ ሞቱን ይመርጣል፣ ከሐሰን በቀር፣ ሐሰንን ሚስቱ ዑሙልኸይር ከጫቱ ጎትታ ታመጣዋለች፣ ሌላ ሰው አይነካኝም ሐራም ነው፣ ልቤን ያመመኝ እኔ፣ የምትይዘኝ አንተ ብላ፣ ያን የሚያህል ሆድ ተሸክሞ ሱታ፣ ሱታ ይላታል፣ ቀስ በይ እያለ፣ ሰው ሁሉ እያየው። ሰው ሁሉ እያየው ሚስቱን ይይዛል።

ደግሞ ጫነች። አላዳለጣትም።

ኃይሉ እኮ የባቡር ሰው ነው። ሚኤሶ ጣቢያ፣ ትኬት ቆራጭ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ፣ ቅዳሜና እሑድ እኔ ጋ፣ እስኪሞት ድረስ በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ እንጂ ጭሮ ከአፉ አልወጣም፣ የማስተምርበትም ትምህርት ቤት የልጆቹም ትምህርት ቤት እዚህ ስለሆነ ወደዚያ ሙቀት አልወረድኩም፣ ምን ሊሠራልኝ፣ ዳንሱን ከድሮ የባቡር ሰዎች ተማረው፣ እነሱ ደግሞ ከፈረንሳዮቹ፣ ዋልትዙን ቫልስ ነበር የሚለው፣ ነይ የሺ ቫልስ እንምታ፣ ልጆቹ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ሬዲዮው ዝቅ ብሎ። ሠርግ ቤት አንድ ቀን እጄን ይዞ ተነስቶ አያውቅም። ኧረ እንነሳ ስለው፣ የሺ፣ ሰው ምን ይላል። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሰብሳቢ፣ የተከበሩት አቶ ኃይሉ። እኔ ጅሏ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፣ አዎ፣ ማንም የማያየው፣ የኔና የሱ ብቻ የሆነ ነገር አለን ብዬ፣ ስቀብረው እንኳን ያን ምስጢር ነው የያዝኩት፣ ሌላውን ሁሉ አገር አልቅሶታል፣ ቫልሱን ግን ብቻዬን አለቀስኩት።

ጣቱ ደግሞ የቫልስ ሕግ አይደለም። ሮቤል አያስተምረውም፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንም ማንንም አይጫንም። የኔ በሽታ ነው። ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ልክ አይደለም፣ ሳልዘጋጅ ወደ ግራ ከዞርኩ ወለሉ ይከዳኛል፣ አዲስ ሙሽሮች ሆነን ሲያዞረኝ ከነቁምሳጥኑ ወረድኩ፣ እሱ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ፣ ከዚያ ነው ልታዞረኝ ስትል መዳፌን ጫን አድርገህ ንገረኝ ያልኩት፣ እሺ አለ፣ አንድ ቀን አልረሳም፣ ታሞ ጉልበቱ ሲከዳው እንኳን አልረሳም።

ታዲያ ይቺ ከየት አመጣችው?

ጭንቅላቴ ውስጥ ይመታል፣ ክኒኑን ውጫለሁ አልዋጥኩም፣ ውጫለሁ፣ ተረጋጊ፣ ስልሳ ልጅ በዓይንሽ ብቻ ጸጥ ታሰኚ የነበርሽ ሴትዮ፣ ተረጋጊ፣ እጇን ጥዬ ልውጣ፣ ወጥቼስ፣ እዚህ መምጣት ሳልጀምር የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ በሰው ድጋፍ ነበር የምወጣው፣ አሁን ነጠላዬን ይዤ ብቻዬን ነው የምወጣው፣ ባሌን ወስዳ እግሬንም ልትወስደው ነው? ተበላሁ። ያን ሁሉ ዓመት ተሸወድኩ። በደረቁ።

ማን አስተማረሽ እላታለሁ፣ እርስዎ ማለቱ ቀርቶ አንቺ ወጣ ከአፌ፣ ምኑን ትላለች፣ ይሄን፣ ጣቱን፣ እንዴ፣ ሲዞሩ እንደዚህ አይደል እንዴ? ትላለች፣ ፈገግ ብላ፣ ሚኤሶ ጣቢያው ቡና ቤት እሠራ ነበር፣ አንድ የባቡር ሰው ነው ያስተማረኝ፣ ነፍሱን ይማረው። ነፍሱን ይማረው አለች። ለኔ። ሰው እያየ ነበር የምትደንሱት እላታለሁ፣ ከሁሉ ይሄን ነው ማወቅ የምፈልገው፣ ኧረ ምን ብሎ፣ በር ዘግተን ነው እንጂ፣ ያፍር ነበር እኮ ትላለች፣ ይገርምሻል፣ ለምንድነው የምትጫነኝ ስለው እንዳትወድቂ ይለኛል፣ እኔ ወድቄ አላውቅም፣ ራሴን አዙሮኝም አያውቅም፣ ምን ዓይነት ሰው ነው እል ነበር።

እንዳትወድቂ።

ለሷ አዲስ ነገር እንኳን አላወጣላትም፣ የኔን ጆሮ ነው ይዞላት የሄደው፣ ልሳቅ ነው ላልቅስ፣ እጁ ለምዶበት ነው ወይስ እሷን ይዞ እኔን እየጠበቀ ነው፣ የትኛው ነው የሚሻለኝ፣ የትኛውም አይሻለኝም፣ ቢኖር አንቄ እጠይቀው ነበር፣ የለም፣ ያለችው እሷ ናት፣ ደህና ሴት ትመስላለች፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ፣ ሁለታችንንም ቆልፎብን ሄደ፣ ሐሰን በዚያ በኩል ያልፋል፣ ሱታ፣ ሱታ፣ ዑሙልኸይር ትስቃለች፣ ዝም ልበል፣ ዝም ካልኩ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይሄ ጣት አለ፣ አልችልም።

ሣህሊቱ፣ እላታለሁ፣ የወደቅኩት እኔ ነኝ።

ምን አልሽ ትላለች፣ ከዚያ ታየኛለች፣ በደንብ ታየኛለች፣ ፊቷ አመድ ይሆናል፣ የሺ፣ ትላለች፣ ስሜን አልነገርኳትም፣ ጣቷ መዳፌ ላይ ደርቆ ቀርቷል፣ እግራችን ግን አልቆመም፣ አንድ ሁለት ሦስት ይላል ሮቤል፣ ጎበዝ፣ አሁን ወደ ግራ፣ እሷ እያለቀሰች ነው፣ መዞሪያው ደረሰ፣ ወለሉ ሊሄድብኝ ነው፣ ጫኚው እላታለሁ፣ ምን ታለቅሻለሽ፣ ጫኚው እንጂ፣ እወድቃለሁ