ሚስትነቷ ይረጋገጥልን

በዚያ ዓመት ወልድያን ያየሁትን ያህል የገዛ ቤቴን አላየሁም። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ውርጌሳ ላይ ሞልቶ ነው እኛ ጋ፣ መርሳ የሚደርሰው። ቦታ ከተገኘ ተቀምጬ፣ ከጠፋም ቆሜ፣ ኬላው ላይ ወርጄ ተፈትሼ፣ ያን ሁሉ አቧራ ለብሼ የምሄደው አንድ የተዘጋ በር ፊት ለመቆም ነበር። የበሩ ባለቤት ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባ ከሌለ የውይይት ክበብ አለ። ውይይቱ ካለቀ ደግሞ ማኅተሙን የያዘው ሰው መስክ ወጥቷል።

የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ መተየብ ነው። የውጭ ዜጋ ፈቃድ ማሳደስ ሥራሽ ነው ያለኝ ሰው የለም፤ ግን ርዕሰ መምህሩ ወልድያ መሄድ አይወድም፣ የሚስተር ቨርጊስ አማርኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም፤ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። «በር ማስከፈትማ የሻረግ ታውቅበታለች» ይሉኛል። አዎ፣ አውቅበታለሁ። ለዚህም ነው እግሬ ያበጠው።

ሚስተር ቨርጊስ ሕንዳዊ ነው፤ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምራል። እንደኛው ክርስቲያን ነው፤ ስሙ በእኛ ጊዮርጊስ ማለት መሆኑን ከነገረን ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ወር በገባ በሃያ ሦስት እንኳን አደረሰህ ይሉታል። ሚስቱ አናማ ትባላለች። እሷ አማርኛውን ከገበያ ለቅማ ለቅማ እንደ መርሳ ሴት ነበር የምታወራው። በየዓመቱ ለእሱ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለእሷ ደግሞ በእሱ ስር የመኖሪያ ፈቃድ እናሳድሳለን። ይኼ እንኳ በደህናው ጊዜ ብዙ የሚያመላልስ ጣጣ ነው።

ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ የእሱ ታደሰ። የእሷ ግን ከአዲስ አበባ ተመልሶ መጣ። ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በአባቷ ፈቃድ መኖር ስለማትችል ግንቦት ሳያልቅ ከአገር እንድትወጣ ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅ? የማን ልጅ?

ፓስፖርቷን አውጥቼ ሳይ ነው የገባኝ። «አናማ ቨርጊስ» ይላል። በእነሱ አገር ሴት ስታገባ የባሏን ስም ከስሟ ቀጥላ ትጠራበታለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው አባት ነው። እኔ ራሴ ከባሌ ከበላይ ጋር ያን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ ወልጄ ከብጄ፣ ዛሬም የሻረግ ደሳለኝ ነኝ። እና በዚያ ዓመት ወልድያ ላይ ካርዱን እንደ አዲስ የሞላው ሰው፣ ቨርጊስ የሚባል ሰውዬና አናማ ቨርጊስ የምትባል ሴት ቢመጡበት፣ ሌላ ነገር ወደ አእምሮው አልመጣም። ዝምድና በሚለው ላይ «ልጅ» ብሎ ጻፈ። አባት አርባ አምስት ዓመቱ፣ ልጅ አርባ አንድ። አንድም ሰው ቀና ብሎ ፊቷን አላየም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው ሚስተር ቨርጊስም ሳቀ። አናማ አልሳቀችም።

«ግንቦት ሊያልቅ ስንት ቀረው?» አለችኝ።

ለምን እንደጠየቀችኝ አውቃለሁ። ቶማ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ከረሃቡ ጋር የመጣው በሽታ ወደ ከተማ ሲገባ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሞተባቸው። መርሳ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ። እሷ ጠዋት ጠዋት በጆግ ውሃ ይዛ ትሄዳለች። መቃብሩ ላይ ጤና አዳም ተክላ ነበር፤ የመርሳ በጋ ደግሞ አንድ ቀን ከዘለሉት ያደርቃል። ባሏ ሁለት ዓመት ኮንትራት ይቀረዋል። እሷ ብቻዋን ትሂድ ነው የሚሉት፤ ባሏንም ልጇንም እዚህ ትታ። ስለ ልጁ ለሰው አንስታ አታውቅም። ያን ቀን ብቻ «የሻረግ፣ ውሃውን ማን ያጠጣዋል?» አለችኝ። 

በማግስቱ ሦስታችንም ወልድያ ሄድን። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ንጉሴ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ሰድቤው እወጣ ነበር። ደክሞት የተቀመጠ ሰው ነው።

«ጓድ፣ ስህተት አለ» አልኩት። «ሚስቱ ናት።»

«እዚህ ልጅ ይላል።»

«የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኛ ፓስፖርቷን አይተን ነው። ቨርጊስ አባቷ ካልሆነ ምኗ ነው?»

«ባሏ!»

«ታዲያ አባቷ የት ሄደ?»

«አባቷ ኩሪያን ይባላል፤ አገሩ ነው ያለው።»

ፓስፖርቱን ገለባበጠና «ኩሪያን የሚል የለም» አለ።

ሚስተር ቨርጊስ በላስቲክ ጠቅልሎ ያመጣውን የጋብቻ ወረቀት ዘረጋለት። ፊደሉ ክብ ክብ ነው። ጓድ ንጉሴ ወደ ላይ አየው፣ ወደ ታች አየው። ማን ያንብብልኝ አለ። የወረቀቱ ባለቤት ያነበዋል አልኩት። «እሱማ ባለ ጉዳይ ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይምጣ። ይኼ ደግሞ ሲጣደፍ ሲጣደፍ ክረምት ይገባል።

መርሳ ተመልሰን ሌላ መላ መታሁ። እዚሁ ቀበሌ እንደ አዲስ ይፈራረሙና የጋብቻ ወረቀት ይያዙ አልኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ካርዷን ተቀበለኝ፤ አየና መለሰልኝ። «አባትና ልጅ አላጋባም» አለ። ይኼ ሰው አናማን በየገበያው ቀን «ባለቤትሽ ደህና ነው?» የሚላት ሰው ነው! ደሜ ፈላ። የተናገርኩትን አልደግመውም። ሚስተር ቨርጊስ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

ስንቴ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። አንዳንድ ቀን አናማ አብራኝ ትመጣለች፤ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን በሩን እናያለን።  እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ገቢ ወጪውን «መቼ ነው የሚከፈተው?» እያልኩ እነጅሳለሁ። አንድ ቀን ጓድ ንጉሴ ሰለቸው መሰለኝ ብቅ ብሎ «በይ ምስክር አምጪ። ሦስት ሰው። ሰርጋቸውን የበሉ ይሁኑ» አለኝ።

«የሕንድ ሰርግ የበላ ሰው ከየት ላምጣ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ገባ።

መርሳ ስወርድ አልቅሼ ነበር፤ በድካም የሚመጣ ለቅሶ ነው። አውቶቡሱ ከሚቆምበት አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሼህ አብዱልሐሊም አዩኝና ጠሩኝ። እሳቸው የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ጋ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ ወንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሴቱ እህል ውሃ ይዞ ለቅሶ ቤት ይገባል። የሕንዶቹን ልጅ የቀበረው ቅሬው ነው። ከዚያ ወዲህ እነሱም አባል ሆነው ከሰው ጋር ለቅሶ ይደርሳሉ።

ሁሉን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «ሰርግ እንኳ አልበላንም። ለቅሶ ግን ተቀምጠናል። እኔ እሄዳለሁ። ከቅሬው ወልዴም ይመጣል፣ ፋንቱም ትመጣለች።»

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ምን ብለው እንደሚመሰክሩ ገብቶኛል። አናማን ለብቻዋ ጠርቼ፣ ብትቀሪስ አልኳት፤ የሚወራውን ባትሰሚው ይሻላል። «እመጣለሁ» አለችኝ።

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁላችንም ጓድ ንጉሴ ፊት ቆምን። ለሼሁ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው፤ ለዚህስ አመሰገንኩት።

«ሰርጋቸውን አይተዋል?» አላቸው።

«አላየሁም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ሚስቱ መሆኗን በምን አወቁ?»

«ልጃቸው ሲሞት ጥሩንባ ያስነፋሁ እኔ ነኝ። ወንዶቹ እሱን ይዘን ውጭ ተቀመጥን፤ ሴቶቹ እሷን ይዘው ውስጥ ተቀመጡ። የዚህ ሰው ልጅ ብትሆን ለሟቹ እህት ነበረች ማለት ነው። እህት ለወንድሟ ስታለቅስ እናውቃለን። በዚያ ዓመት ስንቱን ሰማን! ያቺ እናት ነበረች። ወላሂ፣ እናት ናት።»

ጓድ ንጉሴ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ወልዴ ቀጠለ። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ነው። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ «አፈሩ ሲመለስ ዘላ ልትገባ ስትል የያዝኳት እኔ ነኝ» አለ። «እጄን ነክሳኛለች። ምልክቱ ይኸው አለ።» ሊያሳይ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው።

ፋንቱ መጨረሻ ተናገረች። «ልጁን ከእቅፏ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ለማጠብ። ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችኝ። በግድ ነው የ…» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አናማ ሁሉንም ሰምታለች። እጆቿን ሆዷ ላይ ደራርባ፣ እነሱኑ ታያለች። ሚስተር ቨርጊስ ግን አንዱም አልገባውም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ «ምን አሉ?» አለኝ። እንዴት ብዬ ልተርጉምለት? 

«ሚስትህ ናት አሉ» አልኩት።

«እሱማ ናት» አለኝ ግራ ገብቶት።

ጓድ ንጉሴ እስክሪብቶውን አነሣ። «ልጅ» የሚለውን ሰርዞ «ሚስት» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። ለአዲስ አበባ እኔ ራሴ እጽፋለሁ አለ። ከዚያ አዲስ ካርድ እንድናስሞላ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ሰደደን። ምስክሮቹን አመስግኜ አውቶቡስ እንዲይዙ ወደ ውጭ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወደ እነ አናማ ተመለስኩ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ቶሎ ቶሎ የምትጽፍ፣ ምሳ ሰዓት የደረሰባት ሴት ናት። እዚያ ማዶ ምን እንደተባለ አልሰማችም። ቀና ሳትል ትጠይቃለች፤ እኔ እመልሳለሁ። ስም። ዕድሜ። የባል ስም። «ባል» ስትል ሰምቼ እፎይ አልኩ።

«ልጆች?» አለች።

እኔ የለም ልል አፌን ስከፍት አናማ ቀደመችኝ።

«አንድ። ወንድ።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«መርሳ።»

ልጅቷ ፋይሉን አገላበጠች። ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ። «የእሱ ፈቃድ የለም እኮ! ያለ መኖሪያ ፈቃድ ነው የተቀመጠው?»

 ሚስተር ቨርጊስ እንደ ልማዱ እኔን ያየኛል።

«እሱ ፈቃድ አይፈልግም» አለች አናማ። «እሱ አይሄድም።»

ያን ጊዜ ልጅቷ ቀና አለች። አናማን አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጎንበስ አለችና፣ ቀስ ብላ፣ ልጆች በሚለው ላይ «አንድ» ብላ ጻፈች። ማኅተሙን መታችና ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

«ለአንድ ዓመት ነው» አለች። «ለከርሞ ትመለሳላችሁ።»

እሺ አልናት።