የመርዝ ጭቃ ደቦ

የማዕድን ኩባንያው እርሳሱን ዝቆ ሲሄድ ለፓምፓሪካ መንደር ያወረሰው የግራጫ አፈር ቁልል ብቻ ነው። ነፋስ ሲነሳ ብናኙ ድስት ውስጥ ይገባል፤ በጎቹ አልቀዋል። ሰዉም ከመልመዱ ብዛት ሳሉን «የብርድ ነው» ይለው ጀመር።

አርክቴክቷ ግላዲስ ከሊማ የመጣችው ይህን ቁልል ልታስር ነው። መርዛማውን አፈር ከሲሚንቶ ጋር በማሽን አፍና ጡብ ታደርገዋለች፤ በጡቡ ቁልሉን የሚደግፍ የእርከን ግድግዳ ታቆማለች፤ በላዩም ንጹህ አፈር አልብሳ ሣር ትዘራለች። ለሐሳቡ እንከን አይወጣለትም።

የግንበኞቹ አለቃ ዶን ፋውስቲኖ ናቸው፤ አርባ ዓመት ጭቃ ረግጠው የመንደሩን እኩሌታ የሠሩ። ቦት ጫማና ጓንት ስታድል ሳቁባት።

«ልጄ፣ ጭቃ ይናከሳል እንዴ?»

«ዶን ፋውስቲኖ፣ ቀልድ አይደለም። መርዝ ነው!»

«እሺ፣ እሺ።»

ብናኙ መርዝ መሆኑንማ ያውቃሉ። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ለእሳቸው ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ አሳድጎ ለወግ ያበቃቸው ዘመድ ነው።

ማሽኑ ተሰበረ። ግላዲስ መለዋወጫ ፍለጋ ሊማ ወረደች። ዝናቡ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ግድግዳው ካልቆመ ቁልሉ መንደሩ ላይ ይናዳል። ዶን ፋውስቲኖ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አልሆነላቸውምና ደቦ ጠሩ። ከበሮና የበቆሎ ጠላ መጣ፤ ግራጫው አፈር በውሃ ተቦካ፤ ሰዉ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ በባዶ እግሩ ገባ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ልጃቸው ናይዳ ዳር ቆማ ስታይ፣ የጠሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ነይ እንጂ! እግርሽ ያልገባበት ግድግዳ ምኑ ያንቺ ነው?»

ሦስት ሳምንት ተረገጠ፤ ጡቡ ወጥቶ ግድግዳው ቆመ። ምሳ ሲደርስ በዚያው እጅ ድንች እየተላጠ ተበላ።

ግላዲስ ተመልሳ ስታይ «ምን አደረጋችሁ!» ብላ ጮኸች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ግድግዳው ግን ዝናቡን ቻለ፤ በሁለተኛው ዓመት ሣሩ ለመለመ። ለምረቃው ከከተማ የመጡ እንግዶች ለዶን ፋውስቲኖ ቆመው አጨበጨቡ። እሳቸው ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥተው ናይዳ ቤት ሄዱ።

ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ አንገቱ ገና አልጠናም። የጤና ጣቢያው ነርስ በደሙ ውስጥ እርሳስ እንዳለ፣ የእናቱም ከደቦው ወዲህ እጥፍ እንደሆነ ነግራቸዋለች። ዶን ፋውስቲኖ ያን ቀን «ምነው እኔን አፈር በበላኝ» ብለው አለቀሱ፤ እስከ ዛሬም ይሉታል።

«ተመረቀ?» አለች ናይዳ።

«ተመረቀ።»

«ዝናብ አይጥለውም?»

«መቶ ዓመት ይቆማል፣ ልጄ።»

ናይዳ ሕፃኑን በብብቱ ይዛ መሬት ላይ ልታቆመው ሞከረች። ጉልበቶቹ ተጣጠፉ።

«እሱስ፣ አባዬ?»

ዶን ፋውስቲኖ ተንበርክከው ትንንሾቹን እግሮች በሁለት እጃቸው ያዙ።