የማይነቀል ሬዲዮ

«ሰውየው ሬዲዮውን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትተዋል አሉ። ከተነቀለ፣ ያሰረውንም ሰው አብሮ ይነቅለዋል አሉ።»

ይህን ወሬ ወደ አምቡላንስ ጣቢያው ያስገቡት የሦስት ቁጥር ሹፌር ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት ይዘውት መጡ፤ ከምሳ በኋላ ደገሙት፤ ረቡዕ ደግሞ ጡንቻ ጨምረውለት ገቡ። «ክንዱ የኔን ጭን ያክላል አሉ። በአንዱ ጣቢያ ሬዲዮውን ሲጎትት ዳሽቦርዱን ይዞ ወረደ አሉ።» እናታቸው ያወጡላቸው ስም የደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሃያ ዓመት ሙሉ የተናገሩት ሁሉ መጨረሻው አንድ ቃል ስለሆነ፣ ጣቢያው «ጋሽ አሉ» ብሏቸዋል።

«ማን ነው ያለው ጋሼ?» ብላ ጠየቀቻቸው ጋራዡ ውስጥ የምትሠራው ኤሌክትሪሺያን።

«አሉ ነዋ!»

«እኮ ማን?»

«ሰው ነው እንጂ፣ ግድግዳ ይለኛል? አንቺ ልጅ ደግሞ! ወሬ የሚሰማው ለመጠንቀቅ ነው፤ ለመመርመር አይደለም።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። የሚመጣው ሰው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚመጣውም ሰኞ፣ የእጅ ሬዲዮዎቹ በየአምቡላንሱ ጋቢና ውስጥ እንዴት እንደታሰሩ ሊያይ ነው። የምታስራቸው ደግሞ እሷ ናት።

አጭርና ጠበቅ ያለች ስለሆነች ብሎን ይሏታል። ሙያውን ያስተማራት የለም። የተጣለ ዕቃ ሰብስባ፣ ፈታ፣ ገጥማ፣ አቃጥላ፣ እንደገና ፈታ ነው የተማረችው፤ እና ይህን ማንም እንዲረሳባት አትፈልግም። መመሪያ ወይም ካታሎግ ይዞ ለመጣ ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «እኔ የማነበው ብረት ነው።» ሁለት ዓመት በጊዜያዊነት ሠርታለች። የጣቢያው ኃላፊ ሬዲዮዎቹ ፍተሻውን ካለፉ የቋሚነት ደብዳቤዋን በዚያው ቀን እንደሚፈርም ቃል ገብቶላታል።

እናቷ ግን የማንንም ፊርማ አልጠበቁም። ልጃቸው ቋሚ መሆኗን ለጎረቤቱ ሁሉ ካበሠሩ ዓመት አልፏቸዋል። ማታ ማታ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ዛሬስ?» ይሏታል።

«ዛሬም ጊዜያዊ ነኝ እማዬ።»

«እኔ በኩል እኮ አልቋል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

የሬዲዮው ጣጣ የጀመረው በአንዲት ድመት ነው። ከወር በፊት ድመቷ መንገድ ስታቋርጥ ጋሽ አሉ ፍሬን ያዙ። ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ጌጥ ተቀምጦ የነበረው የእጅ ሬዲዮ ተስፈንጥሮ የፊት መስታወቱን መታ፤ ከመስታወቱ ነጥሮ ነርሷ ግንባር ላይ አረፈ። ሁለት ስፌት። በሽተኛ ሊያመጣ የወጣ አምቡላንስ የራሱን ነርስ ይዞ ተመለሰ። ድመቷ ምንም አልሆነችም።

ያን ጊዜ ኃላፊው «ይታሰር!» አለ። ሬዲዮ በየመኪናው የሚኖረው እንደ ሹፌሩ ጠባይ ነበርና፤ አንዱ ጭኑ መሀል፣ አንዱ በሩ ኪስ ውስጥ ከብስኩት ፍርፋሪ ጋር፣ አንዱ በጫማ ክር ከመሪው ሥር አንጠልጥሎ። ብሎን መጀመሪያ የሦስት ቁጥርን ጋቢና ስታጸዳ፣ ዳሽቦርዱና መስታወቱ መሀል ስምንት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ተሸጉጦ አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ማሰሪያዬ ነዋ! ሬዲዮው እንዳይንቀጫቀጭ ደግፎ ይዞልኝ ነበር።»

«እሱማ ነርሷ ትመስክር» አለችና ወረቀቱን ወርውራ ልትጥል ስትል ሐሳቧን ቀየረች። የሥራ ጠረጴዛዋ አንድ እግሩ አጥሮ ይወዛወዛል፤ ወረቀቱን ከሥሩ ሸጎጠችው። ልክ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣው ሥራ ሁሉ በረጋ ጠረጴዛ ላይ ተሠራ።

ኃላፊው ከገበያ ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ አምጥቶ ነበር። ብሎን በሁለት ጣቷ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው፣ ይዛ መለሰችለት።

«እዚህ ጋ ከተለጠፈ ኤርባጉ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው አለቃ። ግጭት ሲመጣ ኤርባጉ ይፈነዳል፤ ሬዲዮውም በነርሷ ፊት በኩል ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል።»

«ታዲያ የት ይሁን?»

ሁለት ቀን ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣ አሰበች። ቀበቶ አስራ እጇን ዘረጋች፤ ማርሹን አንድ በአንድ አስገባች፤ ጉልበቷን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች። በመጨረሻ ከማርሹ ጎን ዝቅ ብሎ ያለውን ጠንካራ ብረት መረጠች። ኤርባጉ አይደርስበትም፤ ጉልበት አይነካውም፤ ቀበቶ የታሰረ ሰው ግን ሳይጎነበስ ይደርስበታል። ከላሜራ ማቀፊያ ሠራች፤ ውስጡን ጎማ አለበሰችው፤ አናቱ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር የምትሆን፣ በሞላ የምትመለስ ምላስ አደረገችለት። ሬዲዮው ሲገባ «ቀጭ» ይላል፤ ምላሷ በአውራ ጣት ስትጫን ይወጣል።

ነርሷ ተቀምጣ ሞከረችው። ቀጭ፤ ገባ። ቀጭ፤ ወጣ። ወደ ጎን ሳታይ ደገመችው። ግንባሯን ዳበስ አድርጋ፣ «እህቴ፣ አንቺን የመሰለ አልተወለደም» አለች። የብሎን አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ወሬው የደረሰው በማግስቱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ አሉ ወሬ ማመላለሱ አልበቃ ብሏቸው ራሳቸው ተቆጣጣሪውን ሊሆኑ ተነሡ። ጋቢናው ውስጥ ገቡና አንድ እግራቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር ተክለው፣ ሬዲዮውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «እህህ!» ብለው ሳቡ። መዳፋቸው ምላሷን ተጭኖ ኖሮ ሬዲዮው እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ወጣ። ጋሽ አሉም አብረው ወጡ፤ በተከፈተው በር፣ በጀርባቸው፣ ጋራዡ ወለል ላይ።

የተሰበሰበው ሹፌርና ነርስ ሳቀ። ሳቁ ለወደቁት ሰውዬ ነበር፤ ብሎን ግን የራሷ አድርጋ ወሰደችው።

ጋሽ አሉ ተኝተው ሬዲዮውን ወደ ላይ አንሥተው አሳዩ። «አላልኩም? ሽማግሌ በእንዲህ ያለ ጉልበት ከነቀለው፣ ያ ጡንቸኛ ሰውዬ ሲመጣ ምን ሊሆን ነው?»

«ምላሷን ተጭነው ነው እንጂ!»

«እሱስ አይጫንም ብሎ ፈርሞልሻል?»

ብሎን መረታት አትወድም። ማቀፊያዋን ፈታ አወጣችና በላሜራ መቀስ ከትፋ የብሎን ማስደገፊያ ሮንዴላ አደረገቻት። ሦስት ሚሊ ብረት አጥፋ፣ ሬዲዮውን ከወገቡ የሚጠፍር ቀበቶ አወጣች፤ በአራት ብሎን አሰረችው፤ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ እንዳይላላ ሁለት ሁለት ዳዶ ደራረበች። መነጋገሪያ ቁልፉን ብቻ ክፍት ተወችለት። ቅዳሜ ማታ አምስቱም አምቡላንሶች አለቁ። ጋሽ አሉ እግራቸውን ተክለው ሳቡ፤ ሁለት ሆነው ሳቡ፤ መኪናው ተወዛወዘ እንጂ ሬዲዮው ወይ ፍንክች!

«አሁን ገና አሰርሽ!» አሉና ትከሻዋን መቱላት።

ነርሷ ብቻ አንገቷን አስግጋ ጋቢናውን እያየች ቆመች። «ታዲያ ስወርድ እንዴት ነው ይዤው የምወርደው?»

«ሰኞን እንለፍ እንጂ፤ ከዚያ አላላዋለሁ።»

«የእጅ ሬዲዮ እኮ ነው የሚባለው።»

«ግንባርሽን ነው ወይስ እጅሽን ላስብልሽ?» አለች ብሎን።

እሑድ ጠዋት ጥሪ መጣ፤ አንድ አዛውንት አምፖል ሊቀይሩ ወንበር ላይ ወጥተው ወድቀዋል፤ እግራቸው ሳይሰበር አልቀረም፤ አራተኛ ፎቅ፤ አሳንሰሩ አይሠራም። ነርሷ ወጣች። ሰውየውን በደረጃ ለማውረድ አንድ ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋታል፤ ሬዲዮዋ ግን ታች፣ በአራት ብሎን ተጠፍሮ ተቀምጧል። መስኮት ከፍታ ጮኸች።

«ጋሼ! አንድ ሰው ይላኩልን በሏቸው! አንድ ብቻ!»

ጋሽ አሉ የሰሙትን እንደሰሙ አስተላልፈው አያውቁም። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫኑ። «ማዕከል፣ ሦስት ቁጥር ነኝ። ሰው ይላክ አሉ። ነገሩ ከባድ ነው አሉ። ሕንፃውም ያን ያህል አያስተማምንም አሉ።»

ሁለት አምቡላንስና አንድ መሰላል የጫነ የእሳት አደጋ መኪና ደረሱ። የሰፈሩ ሰው ከየቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አዛውንቱ በአሥራ አንድ ሰው ታጅበው ወረዱና ግርግሩን ሲያዩ፣ «ሌላ ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

ነርሷ ስትመለስ ቀጥታ ጋራዡ ገባች። ካቻቢቴ ከጠረጴዛው አነሣችና ብሎን ፊት ዘረጋችው።

«ነገ ከሰዓት» አለች ብሎን፣ ቀና ሳትል።

ሰኞ በአራት ሰዓት ኃላፊው ከረባት አስሮ በር ላይ ቆሟል። አንዲት ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ቦርሳዋን ይዛ ገባች። ክንዷ የጋሽ አሉን አውራ ጣት ቢያክል ነው። ጋሽ አሉ በትከሻዋ በኩል ወደ በሩ ተመለከቱ።

«ሰውየው ከኋላ ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ተቆጣጣሪው።»

«እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ የሦስት ቁጥር ጋቢና ውስጥ ገብታ በነርሷ ቦታ ተቀመጠች፤ ቀበቶዋን አሰረች፤ መነጽሯን አደረገች። ቦታውን አየች። «ከኤርባጉ መንገድ ወጥቷል» አለችና ምልክት አደረገች። ጉልበቷን አወዛወዘች። «አይነካም።» ምልክት። ማርሹን አስገባች አወጣች። ምልክት። «ቦታውን የመረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ብሎን። ኃላፊው ኪሱን ዳሰሰ፤ ደብዳቤው እዚያ ነበር።

«ጎበዝ። በሉ እንግዲህ፣ አደጋው ቦታ ደርሰናል፤ ልወርድ ነው።» ሴትዮዋ ቀኝ እጇን ቀበቶዋ ላይ አድርጋ ግራ እጇን ወደ ሬዲዮው ላከች። ጣቶቿ ከላይ ፈለጉ፤ ከጎን ፈለጉ። «እንዴት ነው የሚወጣው?»

«አይወጣም!» አሉ ጋሽ አሉ በኩራት።

«አይወጣም?»

«ይሞክሩት እስቲ! በሁለት እጅዎ። አይፍሩ፣ ይጎትቱት!»

«ለምን ብዬ ነው የምጎትተው?»

«እንዴ! መጎተት አይደል ሥራዎ? እንደዚያ ነው አሉ እኮ።»

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። «እሺ፤ ይውጣልኝ።»

ብሎን ካቻቢቴና መፍቻ ይዛ ተንበረከከች። የዳዶ ላይ ዳዶ፣ የሮንዴላ ላይ ሮንዴላ። ላቧ ብረቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አራተኛው ብሎን ተላጠና በፒንሳ ወጣ። ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

«በሽተኛው እስካሁን ወይ በራሱ ተነሥቷል፣ ወይ ጨርሶ አይነሣም» አለች ተቆጣጣሪዋ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «መመሪያውን አላነበባችሁም? ከስምንት ወር በፊት ተልኳል፤ በየመኪናው አንድ አንድ።»

«አንብበናል እንጂ! ሁሉም ሹፌር ፈርሟል!» ኃላፊው የፊርማውን ዝርዝር አወጣ። የጋሽ አሉ ፊርማ ከሁሉም ትልቁ ነበር።

«ለኔ የደረሰኝ ወረቀት የለም» አለች ብሎን፣ አገጯን ቀና አድርጋ። ብታገኝም እንደማታነበው ማንም አላነሣባትም።

ሐሙስ ውጤቱ መጣ። ማቀፊያዎቹን ውጭ ያለ ድርጅት እንዲሠራ ተወሰነ፤ ብሎን ቀዳዳ በመብሳት እንድትረዳቸው ታዘዘ፤ በጊዜያዊነት። ደብዳቤው ከኃላፊው ኪስ ወደ ኃላፊው መሳቢያ ገባ። እናቷ ማታ «ዛሬስ?» ሲሏት፣ «ባንቺ በኩል እንዳለቀ ይሁን እማዬ» አለቻቸው።

ዓርብ የድርጅቱ ሣጥኖች ስለሚገቡ ጠረጴዛዋን ወደ ጥግ እንድትገፋ ተነገራት። ስትገፋው ተወዛወዘ። ጎንበስ ብላ ከእግሩ ሥር ወረቀቱን አነሣችው፤ መልሳ ለመሸጎጥ ነበር። እጥፋቱ ላይ ማኅተም አየችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መመሪያ ዘረጋች።

በመጀመሪያው ገጽ፣ ቀበቶ የታሰረ ሰው ሬዲዮውን በአንድ እጁ፣ ያለ መሣሪያና ያለ ጉልበት፣ በሁለት ሰከንድ ማውጣት መቻል አለበት ይላል። በሁለተኛው ገጽ፣ በጣቢያው ጋራዥ በቀላሉ ሊሠራ የሚችል ማቀፊያ ተሥሏል። ከማርሹ ጎን ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ከላሜራ ነው፤ ውስጡ ጎማ ነው። አናቱ ላይ በአውራ ጣት የምትጫን፣ በሞላ የምትመለስ ምላስ አለችው። ርዝመቷ ተጽፏል፤ ሁለት ሳንቲሜትር።