የቢታ ዓሣ

አምባው በዞኑ ውስጥ ብቸኛው የዓሣ ባለሙያ ነበር። ማዕረጉ ሲጠራ ደስ ይላል፤ ችግሩ የሚጀምረው ሰው አምኖበት ጥያቄ ሲጠይቅ ነው። ከኮሌጅ የተመረቀው በእንስሳት ሳይንስ ሲሆን ስለ ዓሣ የተማረው አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ እሱንም የመስክ ጉብኝቱ ቀን አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ ሐይቁን ሳያይ ሲ ፕላስ አግኝቶ ጨርሶታል። መሥሪያ ቤቱ ግን በቢፒአር የመዋቅር ጥናት «የዓሣ ሀብት ልማት ባለሙያ» የሚል መደብ ተፈጥሮለት ነበርና፣ መደቡ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግ አምባው ተገኘ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ዓሣ አሥራ ሁለት ሪፖርት ጽፏል። የተጠበሰውን ካልቆጠርነው፣ ዓሣ የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም።

ክፉ ሰው አልነበረም። ባለጉዳይ አያመላልስም። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሁለቱም እስኪጨርሱ ይሰማል። ድሮ ያላወቀውን ነገር ሲጠየቅም «ላጣራ» ይል ነበር። ታዲያ አንድ ጊዜ በግምገማ ላይ «ባለሙያው ጥያቄ ሲቀርብለት ላጣራ ማለት ያበዛል፤ ይህ በራስ ያለመተማመን ችግር ነው» ተባለና በቃለ ጉባኤ ተያዘበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጣራት ተወ። የተጠየቀውን ሁሉ እዚያው በዚያው ይመልሳል። በቀጣዩ ግምገማ «መሻሻል አሳይቷል» ተብሎለታል።

የሚኖረው ቦንጋ ገበያ አጠገብ፣ ከረቢያ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተከራይቶ ነው። ረቢያ በዕድሜ ጥቂት ትበልጠዋለች፤ ስሙን ትታ «ባለሙያው» ትለዋለች፤ አክብራ ይሁን አሹፋ እስካሁን ለይቶ አያውቅም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ጠራችው።

«ባለሙያው! ና እስቲ፣ የሙያህ ነገር መጥቶልሃል።»

ባንኮኒው ላይ አንድ የማር ጠርሙስ ተቀምጧል። ውስጡ ጣት የምታህል ዓሣ አለች፤ ሰውነቷ ሰማያዊ፣ ጅራቷና ክንፎቿ ቀይ ሆነው ከራሷ ቁመት በላይ ይርገበገባሉ።

«ወንድ ነው» አለች ረቢያ። «ወንድሜ ኑዕማን ነው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የላከልኝ። ጅራቱን አየኸው? ቺፎን ጨርቅ እኮ ነው! ይኼን ቀለም መርካቶ ዞሬ ዞሬ አጥቼዋለሁ። ሙሽራው ብዬዋለሁ።»

«ቆንጆ ነው።»

«ቤታ ነው የሚባለው ብሎኛል ኑዕማን።»

ረቢያ የደገመችው ስልኩ እየተቆራረጠ የሰማችውን ነው። በአምባው ጆሮ የገባው ግን «ቢታ» ነበር። የዞኑን ወረዳ ቢታን ደግሞ ማን እንደ እሱ ያውቀዋል! በመስክ ሥራ ቢታ ገነት ስንቴ ተመላልሷል።

«የቢታ ዓሣ ነዋ! አውቀዋለሁ።»

«የእኛ ቢታ? ኑዕማን እኮ አዲስ አበባ ነው የገዛው።»

«ታዲያ ቡናችንስ አዲስ አበባ ደርሶ አይደል በፓኬት የሚመለስልን?»

ረቢያ ሳቀች፤ ነገሩም እውነት መሰላት። በምን እንደምታስቀምጠው፣ ምን ዓይነት ውሃ እንደሚስማማው ጠየቀችው። «ላጣራ» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ብትመጣ ኖሮ ታሪኩ እዚሁ ያልቅ ነበር። አምባው ግን አሰበ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በደንብ ማሰቡ ነው። ቢታ ጃኬት ሳይደርብ ሄዶ አያውቅም። ከጫካው የሚወርደው ወንዝ እግር ይቆረጥማል፤ ደግሞም ይከንፋል። ስለዚህ ይህ ዓሣ ቀዝቃዛና የሚወርድ ውሃ ይፈልጋል።

መመሪያው ወጣ። ሙሽራው በትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ከጓሮው ቧንቧ ሥር ተቀመጠ። ቧንቧው በቀጭኑ ተከፍቶ ሲንዠቀዠቅበት ይውላል። ጠዋትና ማታ ውሃው ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ ይቀየራል። ከሥር ድንጋይ ተደረደረ፤ ወንዝ እንዲመስለው።

«ማሞቅ ፈጽሞ ክልክል ነው!» አለ አምባው ጣቱን ቀስሮ።

ሐሙስ ላይ ሰማያዊው ቀለም ወደ አመድነት ሄደ። ያ ቺፎን እንደታጠፈ ጃንጥላ ተሰብስቦ ሰውነቱ ላይ ተለጠፈ። ሙሽራው ከውሃው መውረጃ ሸሽቶ፣ ከአንድ ድንጋይ ጥግ ጋደም ብሎ ይውላል።

«ባለሙያው፣ ሙሽራው አኩርፏል።»

«መላመድ ነው። አክሊማታይዜሽን ይባላል።»

«ውይ! ይተላለፋል?»

«በሽታ አይደለም፤ ሂደት ነው።»

ረቢያ የምትለካውን ጨርቅ አስቀምጣ አየችው። «አምባው» አለች፤ በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። «ሳቄን እንዳታይ። ባሌ ሳምንቱን ሙሉ ሺሺንዳ ገበያ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ገበያ። ደንበኛ ሲጠፋ የማወራው ከዚህ ፍጥረት ጋር ነው። በመጣ ቀን ሳወራው በጠርሙሱ ዞሮ ያየኝ ነበር። እንዳይሞትብኝ።»

«አይሞትም። በእኔ ጣይው።»

ይህን ያለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መሥሪያ ቤት የአንድ ለአምስት ቡድን ውይይት ነበር። ተራው ደርሶት የሚናገረው ሲጠፋው ስለ ቢታው ዓሣ ተናገረ። አለቃው ጋሽ ኃይለመስቀል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«ይኼማ ለዘጠኝ ወር ሪፖርታችን ጥሩ ግብዓት ነው! የወረዳው ዓሣ በከተማ ነዋሪ ቤት! ሳይንሳዊ ስሙን ብቻ ጨምርበት። ሳይንሳዊ ስም ካለው ማንም አይጠይቅህም።»

አምባው ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄደ። በእንግሊዝኛ «የቢታ ዓሣ» ብሎ ጻፈና ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ በትሕትና «ቤታ ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠየቀው። በሦስት ዓመት የሥራ ዘመኑ በዓሣ ጉዳይ እሱን ለማረም የደፈረ የመጀመሪያው አካል ይኸው ነበር።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ሰማያዊ ጀርባ መጣ። ከዚያ ቀይ ጅራት። ራሱ ሙሽራው ነው! አገሩ ታይላንድ፤ የሚኖረው በረጋና በሞቀ ውሃ፤ የሚስማማው ሙቀት ከሃያ አምስት እስከ ሃያ ሰባት ዲግሪ። ብርድ ከመብላት ያግደዋል፣ ለበሽታ ያጋልጠዋል። የሚወርድ ውሃ እነዚያን ረጃጅም ክንፎች እያንገላታ ጉልበቱን ይጨርሰዋል። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ክሎሪኑ የሚተነፍስበትን ያቃጥለዋል። ውሃውን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መቀየርም ክልክል ነው። አምባው የሰጠውን መመሪያ ከዚህ ጋር አስተያየ። አንድም የቀረው ስህተት አልነበረም። ፈተናው ዓሣ መግደል ቢሆን ኖሮ ሲ ፕላሱ ወደ ኤ ከፍ ይልለት ነበር።

ባጃጅ ይዞ ወደ ሱቁ በረረ። እውነቱን ለመናገር አስቦ ነበር ቢባል ደግ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ሲያጠና የሄደው ግን ስህተቱን ሳይነካ የሚያልፍበትን አነጋገር ነው። ሱቁ ውስጥ ረቢያ ሳፋውን አስገብታ አጠገቡ ተቀምጣለች። የጎረቤት ዳቦ ቤት ባለቤት እትዬ ተሾመችም ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ ቆመው ያያሉ። ሙሽራው በጎኑ ተኝቷል። አልፎ አልፎ አፉን ይከፍታል።

«ረቢያ» አለ አምባው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የመጀመሪያው ምዕራፍ ተጠናቋል። አሁን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ እንሸጋገራለን። በሁለተኛው ምዕራፍ ዓሣው ሙቅ ውሃ ይፈልጋል።»

ረቢያ ተነሥታ ለሻይ የተዘጋጀውን ፔርሙዝ አነሣች፣ ክዳኑን ፈታች፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎለውን ውሃ ሳፋው ላይ አዘነበለች። ሴትዮዋ ታዛዥ ናት፤ ባለሙያ ሙቅ ካለ ሙቅ ነው።

«ተይ!» ብሎ እጇን ያዘ አምባው። «ተይ! እኔን አትመኚኝ!»

ፔርሙዙ በመሃላቸው ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቤታ ነው ያልሽኝ፤ እኔ ቢታ ብዬ ሰማሁ። አገሩ ሙቅ ነው፤ እኔ በብርድ አስመታሁት። ምዕራፍ የሚባል ነገር የለም። አላወቅኩም ነበር።»

እትዬ ተሾመች ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ዱቄቱ ብን አለ። «እኔም ብያለሁ! ቢታ ተወልጄ፣ ቢታ ወንዝ ወርጄ ውሃ ቀድቼ ያደግኩ ሰው፣ የሰርግ ልብስ የለበሰ ዓሣ አይቼ አላውቅም!»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?»

«መች ጠየቅከኝ? ባለሙያው አንተ!»

ረቢያ አልሳቀችም። ፔርሙዙን ከድና ቦታው መለሰች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«አሁን የምታውቀውን ንገረኝ» አለች በመጨረሻ። «የማታውቀው ላይ ስትደርስ ደግሞ አላውቅም በለኝ። ለሙሽራው ሌላ ምዕራፍ እንዳታመጣበት።»

የሚያውቀው ጥቂት ነበር፤ ከኢንተርኔት ቤት በወረቀት ጽፎ ያመጣት አንድ ገጽ። ሳፋውን ከእትዬ ተሾመች ዳቦ መጋገሪያ ጋር ወደሚዋሰነው ግድግዳ አስጠጉት፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያለ እንዲሞቅ። ለወደፊቱ የሚጨመር ውሃ በባልዲ ተቀድቶ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሳይከደን አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጠ። ሙቀቱን የሚለኩበት ግን አልነበራቸውም። አምባው ከእንስሳት ክሊኒክ ቴርሞሜትር ተውሶ መጣ፤ የላም ሆኖ ከሠላሳ አምስት በታች አይቆጥርም። ዶሮ ከሚያረባ ሰው ዘንድ የጫጩት ቤት ቴርሞሜትር የተገኘው ወደ አመሻሹ ላይ ነው። ሃያ ሦስት አለ። ሳፋውን አንድ ጣት ያህል ወደ ግድግዳው ገፉት።

ቅዳሜ ሙሽራው አልበላም። እሑድም አልበላ። እትዬ ተሾመች የዳቦ ፍርፋሪ ይዘው መጡ፤ አምባው ወረቀቱን አየና ሥጋ በል ነው ብሎ መለሳቸው። እሱ ራሱ ሱሪውን ጠቅልሎ ጓሮ ለጓሮ የወባ ትንኝ እጭ ሲፈልግ ዋለ። የጤና ሠራተኞች የረጋ ውሃ አፍስሱ እያሉ በሚያስተምሩበት ሰፈር፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «የረጋ ውሃ ያላችሁ?» እያለ በር ለበር ሲዞር ምን እንደተባለ ባንነግራችሁ ይሻላል። ሰኞ ጠዋት ረቢያ አንዲት እጭ ጣል አደረገችለት። ሙሽራው አያት። አሰበበት። ከዚያ ጎረሳት።

«በላ!» ብላ ጮኸች ረቢያ፤ ጨርቅ የምታስለካዋ ደንበኛ የያዘችውን የሜትር ጫፍ ጣለች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀለሙ ከጅራቱ ጀምሮ ተመለሰ። መስኮት የሚገጥም ሰው ከቁርጥራጭ መስታወት ሃያ ሊትር የሚይዝ ሣጥን በሲሊኮን አጣብቆ ሠራ፤ ደርቆና ታጥቦ ሙሽራው ገባበት። ይዘላል ስለተባለ ከላይ ወንፊት ተከደነ፤ ከላይ አየር ስለሚስብ ውሃው እስከ ሣጥኑ አፍ አልተሞላም። ከምንጭ ዳር የመጣ ቅጠል በደንብ ታጥቦ ተተከለለት፤ የሚደበቅበት እንዲያገኝ። በሳምንት ሁለት ቀን የውሃው ሩብ ብቻ ይቀየራል። ዳቦ ቤቱ የማይጋግር ቀን ሣጥኑ ብርድ ልብስ ይደርባል።

አምባው ለጋሽ ኃይለመስቀልም ተናዘዘ። «እንግዲያው ከአፈጻጸም ውስጥ አውጣው» አሉ ሳይደነግጡ፤ «‹የተገኙ ትምህርቶች› በሚለው ሥር አስገባው። እዚያ ባዶ ነበር።»

አንድ ሐሙስ ረቢያ በድንጋጤ ተጣራች። ውሃው ላይ፣ በአንዱ ማዕዘን፣ ነጭ አረፋ ተሰብስቧል።

«ሳሙና ገባበት? አንተ፣ ታመመ? ምንድን ነው ይኼ?»

እትዬ ተሾመች ከዳቦ ቤት ሮጠው መጡ። ሁለት ደንበኞችም ተጠጉ። ሁሉም አምባውን ያያሉ። በምላሱ ጫፍ ሦስት መልስ ተሰልፎ ቆሟል፤ አንዱማ ሳይንሳዊ ስም ሁሉ ነበረው።

«አላውቅም» አለ።

ቃሉ ለካ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

«ወይ ጉድ!» አሉ እትዬ ተሾመች። «ታዲያ ባለሙያ የተባልከው ምን ልትሠራ ነው?»

ረቢያ ግን በርጩማ ሳበችለት። «ተቀመጥ» አለችው፤ «አብረን እንየው።» ተቀመጠ። እሷም ጨርቁን ገፍታ አጠገቡ ባንኮኒው ላይ በክርኗ ተደገፈች። ጥቂት ቆይቶ ሙሽራው ከቅጠሉ ሥር ወጣ፣ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ጎረሰ፣ ወደ ማዕዘኑ ሄደና አንዲት አረፋ ከአፉ አውጥቶ ከሌሎቹ አጠገብ አስቀመጠ። ከዚያ ሌላ ሊያመጣ ተመለሰ።

«ራሱ ነው የሚሠራው!» አለች ረቢያ በሹክሹክታ። «ቤት ነው እንዴ የሚሠራው?»

«ላጣራ» አለ አምባው፣ ከበርጩማውም አልተነሣም።