የነጣውን ሁሉ እየለቀሙት ነው

በማርጊላን ከተማ ኔማት የሚባል ሐር ሸማኔ ነበር፤ በነገር አዋቂነቱ እሱን የሚያህል አልነበረም። በአስኪያ ጨዋታ የሚገጥመው ሁልጊዜ ቱሮብ ነው። ቱሮብ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ጢሙን በሂና ያቀላል። በአስኪያ ከተመልካቹ አንዱ ርዕስ ይሰጣል፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ከርዕሱ ሳይወጡ ሁለት ትርጉም ባለው ቃል ይነቋቆራሉ። መልስ ያጠረው ተሸነፈ። ኔማትና ቱሮብ ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሰዳደቡ፣ ሃያ ዓመት አንድም ቀን ተኳርፈው አያውቁም።

መንግሥት ሰዉን ከየቤቱ ይወስድ በጀመረበት በዚያ የሶቪየት ዘመን መኸር ግን፣ ሰው መሳቅም ፈርቶ ነበር። ከኔማት ሰፈር ብቻ ሦስት ሰው ሄዶ አልተመለሰም። አንደኛው መምህር ነበር፤ ምን እንዳለ እንኳ የሚያውቅ የለም።

የጥጥ በዓል ዕለት ሕዝቡ ቦይ ዳር ካለው ሻይ ቤት ተሰበሰበ። ሁለቱን ጓደኛሞች ገፋፍተው መሐል አስቀመጧቸው። ፊት ለፊታቸው፣ መደቡ ላይ፣ አዲስ የመጣ የፀጥታ ሹም ተቀምጧል። ሻሪፖቭ ይባላል። ገና ወጣት ነው፤ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ ሻዩን አልነካውም።

«ርዕሱን እኔ ልስጥ» አለ። «ጥጥ።»

ጫጫታው ቀጥ አለ። የወረዳው የጥጥ ዕቅድ በዚያ ዓመት አልሞላም ነበር። ኔማት «ከጢሙ አልወጣም» ሲል ወሰነ። «ጢም ማንንም አያሳስርም።»

«ቱሮብ» አለ ጮክ ብሎ፣ «አገጭህ ላይ ይህን የመሰለ ጥጥ ፈክቶልህ፣ ምነው ቀይ ቀለም ደፋህበት?»

ሰው በጥንቃቄ ሳቀ። ቱሮብ ጨዋታ ሲሞቀው ራሱን የሚረሳ ሰው ነው። ዓይኑ በራ።

«ምን ላድርግ ወንድሜ ኔማት! ዘንድሮ ለቀማው በርትቷል፤ የነጣውን ሁሉ እየለቀሙት ነው። ቀይ መስዬ ብታይ አይሻለኝም?»

ሳቁ ፈነዳና እዚያው ሞተ። አንዱ ሽማግሌ ፊቱን ወደ ቦዩ አዞረ። ቱሮብ ያለው ነገር የገባው፣ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከንፈሩ ደም የሌለው መሰለ። ሻሪፖቭ ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ይጽፍ ጀመር።

ኔማት ዝም ካለ የቱሮብ ቃል እንደዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«አንተን ማን ይለቅምሃል!» ብሎ ጮኸ። «ያንን ሽበት በወረንጦ የምትለቅምልህ ሴት ናት ያማረችህ! ለሷ ጎረምሳ ለመምሰል ነው የምትቀባባው!»

ሰው እንደ ዳነ ሆኖ ሳቀ። ሻሪፖቭ አልሳቀም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱንም ወደ ሻሪፖቭ ቢሮ አስጠሯቸው። ቱሮብ ቀድሞ ገባ። ኔማት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ከውስጥ ድምፅ አይሰማም። ኔማት ሲጠራ ቱሮብ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ በሌላ በር አስወጥተውታል።

«ለቀማ ያለው ምን ማለቱ ነው?» አለ ሻሪፖቭ።

«ሽበት ነቀላ ነው፣ ጓድ ሻሪፖቭ። ሴት ለባሏ ሽበት ትለቅም የለም?»

«ሚስት የለውም።»

«ሊያገባ ነው።»

«እሱም እንዲሁ አለኝ። ማንን?»

ኔማትና ቱሮብ በዚህ ላይ አልተማከሩም። ሻሪፖቭ አንዲት ወረቀት ገልብጦ፣ መዳፉን ጫነባት።

«የሴትዮዋን ስም ጓደኛህ ነግሮኛል። ያንተ ከሱ ካልገጠመ ሁለታችሁም ዋሽታችኋል። ቶሎ በል።»

ኔማት ማሰብ ጀመረ። ከቱሮብ አፍ ማን ይወጣል? የጎረቤቱ እህት? ያቺ ልብስ ሰፊዋ? በዚያ ጭንቀት መሐል አንድ የድሮ ቀልዱ ትዝ አለው። ብቻውን የሚኖር ሰው በቀን ሦስት ዳቦ ለምን ይገዛል እያለ በቱሮብ ላይ ሳያሾፍ ያለፈ ድግስ የለም።

«ማስቱራ» አለ። «ድልድዩ ጋ ዳቦ የምትሸጠዋ።»

ሻሪፖቭ ወረቀቷን አንስቶ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

«ሰርጉ መቼ ነው?»

«በቅርቡ…»

«እመጣለሁ።»

ኔማት ሲወጣ ቱሮብ መንገድ ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ማንን አልክ?» አለው በሹክሹክታ።

«ማስቱራን።»

ቱሮብ ሸርተት ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ አለቀሰ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማስቱራ ሄዱ። ባሏ የሞተባት፣ ደረቅ ንግግር የምትወድ ሴት ናት። ነገሩን ሲነግሯት እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቆመች።

«እኔን ሳትጠይቁ ስሜን ለነሱ ሰጣችሁ?»

ቱሮብ ቆቡን አወለቀ።

«አሁን ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ አለ ማለት ነው?»

«አለ» አለ ቱሮብ። «ይቅር በይኝ። ሌላ ሴት አላሰብኩም፤ እውነቴን ነው።»

ማስቱራ ወደ መንገዱ አየች፤ ማንም የለም። ሊጡን ደግማ መታችው።

«እንግዲያው ሐሙስ ይሁን። ከሐሙስ እንዳያልፍ።»

ሐሙስ ሻሪፖቭ መጣ። ሩዙንም ሥጋውንም በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ ሁለቱን አስነሳቸው። «ተጫወቱ። ርዕሱ ዳቦ።»

«ዳቦው ጥሩ ነው» አለ ኔማት።

«አዎ፣ ጥሩ ነው» አለ ቱሮብ። «ትኩስ ነው።»

እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ። የሳቀ የለም። ሻሪፖቭ ሁለቱን እያፈራረቀ አያቸው፤ ጃኬቱን ቆልፎ ወጣ። በክረምቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ አሉ።

ቱሮብና ማስቱራ ሃያ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። ኔማትን ግን ከዚያ በኋላ በየድግሱ ቢለምኑት ጉሮሮዬን ያመኛል ይል ነበር። ሥራ ላይ ብቻውን ሲሆን፣ በሸማኔ ዕቃው ቋቋታ ተከልሎ የሚያጉረመርመውን ሚስቱ አንዳንዴ ትሰማለች፤ ያሾፋል፣ ራሱ መልስ ይሰጣል፣ ራሱ ይስቃል። በሩ ከተንኳኳ እጁም አፉም እኩል ይቆማሉ።