ኦሪን ያመጣቸው ዓሦች

ቬርና ክራትዘር ባሏ ኦሪን ከሞተ ወዲህ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃውን መንካት አልሆነላትም ነበር። በጸደይ ቀበሩት፤ በጋው እንደምንም አለፈ፤ የፔንስልቬኒያ ኮረብቶች ቀልተው ቀልተው በመጨረሻ ቅጠላቸውን አራገፉ። አንድ ማለዳ የኦሪን ታናሽ ወንድም ደልበርት መኪናውን በሯ ላይ አቁሞ ገባ።

«ተነሽ፣ የኦሪንን የማጥመጃ ዘንግ ያዥና ወደ ጅረቱ እንሂድ።»

«በዚህ ብርድ? በረዶ ሊጥል ነው እኮ!»

«ትራውት ዓሣ ብርድ ይወዳል። እንዳንቺ ምድጃ ሥር አይወሸቅም።»

ክር መወርወር ታውቅበታለች፤ አዲስ ሙሽሮች ሳሉ ኦሪን በጓሮ ሣር ላይ አስተምሯታል። ወደ ጅረቱ ግን አብራው ሄዳ አታውቅም። መጀመሪያ የሁለቱ ወንድማማቾች ቦታ ነበር፤ በኋላ ኦሪን «ብቻዬን ሲሆን ደስ ይለኛል» ብሎ ደልበርትን እንኳ መጥራት ተወ። ቅጠል የሚረግፍበት በልግ በመጣ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣና በእርጥብ ሣር የተጠቀለሉ ሁለት ትራውቶች ይዞላት ይመለሳል። እሷም በቆሎ ዱቄት ነስንሳ በቅቤ ትጠብሳቸዋለች። ትዳራቸው እንዲህ ነበር፤ ብዙ ወሬ የሌለበት።

ጅረቷ ጠባብ ናት፤ ጎረምሳ ተንደርድሮ ይዘላታል። ውሃው ከድንጋዩ ሥር እየጠራ ይወርዳል፤ የደረቀ ቅጠል እየተሽከረከረ ያልፋል። ደልበርት ጉልበቱ አላስቆም ስላለው ከወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ቬርና የኦሪንን ሣጥን ከፍታ ዓሣ ለማታለል ከላባ ከተሠሩት ሰው ሠራሽ ዝንቦች አንዷን ክሩ ጫፍ ላይ አሰረችና ወረወረች።

ዝንቧ ውሃው ላይ ሳታርፍ ከጥላው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ክሩ ተሳበ። ቬርና ልቧ ዘሎ ዘንጉን ቀና አደረገች፤ ባዶ። እንደገና ወረወረች፤ እንደገና ዓሣው ጎረሰ፣ ጎተተ፣ ለቀቀ።

«እያጠመድሽ ነው ወይስ እየቀለብሽ?» ሲል ደልበርት ጮኸ።

«ዝም በል አንተ!»

ሌላ ዝንብ ቀየረች። ያው ነው። ሌላም ቀየረች። ንዴቷ ሲብስ ክሩን ስባ ዝንቧን መዳፏ ላይ አስቀመጠችና መነጽሯን አደረገች። መንጠቆው የለም። ላባው በወጉ ተጠምጥሟል፤ ሽቦው ግን መንጠቆ ሆኖ ከሚታጠፍበት ላይ በፒንሳ ተቆርጧል። ሣጥኑን ከፍታ አንድ በአንድ አየች። ኦሪን ክረምቱን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሠራቸው ዝንቦች ናቸው፤ ሁሉም ተቆርጠዋል።

ቀና ብላ ደልበርት ላይ አፈጠጠች።

«እኔን ምን ታዪኛለሽ?» አለ። «ያንን ሣጥን ከነካሁት ስንት ዘመኔ!»

«ታዲያ ማን ነው?»

ደልበርት አንዷን ተቀብሎ አገላበጣት። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ። «የራሱ እጅ ነው። ካየሽው ጫፉን በሞረድ አለስልሶታል። እንዲህ የሚጨነቅ ሌላ ማን አለ?»

«ያ ሁሉ ዓሣ ታዲያ በምን ይመጣ ነበር? በጸሎት?»

ደልበርት ወደ ኮረብታው አየና፣ «ከዚያ ማዶ ዓሣ የምታረባ ሴት አለች» አለ።

«ኦሪን ዓሣ ገዝቶ? አያደርገውም!»

«እኔ ምን አልኩ?»

በደልበርት መኪና ወደዚያው ሄዱ። ቬርና በሐሳቧ ኦሪንን ውሸታም አለችው፤ ወዲያው ደግሞ ሙት መሳደቧ አሳፈራት። ሴትዮዋ፣ ኖላ የምትባል፣ የጎማ ሽርጥ ታጥቃ ኩሬዋ ዳር ቆማለች። ደልበርት ስለ ኦሪን ሲጠይቃት ፊቷ በራ።

«ኦሪን! ደህና ነው? ዘንድሮ ምነው ቀረ?»

ሁለቱም መሬት መሬቱን ሲያዩ ገባት። የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

«ባለቤቱ ነኝ» አለች ቬርና።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደግ ሰው ነበር። አንድም ቀን እኔ እንድይዝለት አልፈቀደም። መረቡን ይቀማኝና ራሱ እየተንበረከከ፣ እጅጌው እየረጠበ ይይዛል። ‹ሚስቴ ራስህ ያዝከው ወይ ስትለኝ አዎ ስላት ውሸት እንዳይሆንብኝ ነው› ይለኛል።»

ደልበርት ሳቁ አመለጠው። ቬርና አልሳቀችም። በእርግጥም ሁልጊዜ ትጠይቀው ነበር፤ እሱም «በገዛ እጄ» ይላት ነበር።

«ግን ለምን?»

«ይህንን እንኳ እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነበር» አለች ኖላ።

ደልበርት ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቆቡን አወለቀ። «አንዴ፣ አብረን በምንሄድበት ጊዜ፣ አንዲት ትልቅ ትራውት ያዘ። መንጠቆውን ሊያወጣላት ሲጨብጣት እንቁላሏ እጁ ላይ ፈሰሰ። የመራቢያ ወቅታቸው ነው በልግ። እጁን ታጥቦ ታጥቦ አልበቃው አለ። ሽታው አስጠልቶት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መሰለኝ ‹ብቻዬን ልሂድ› ያለው። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።»

«ታዲያ ጅረቱን ለምን አልተወም? ደግሞስ ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺ ዓሣውን ስለምትወጂው ይሆናላ!»

«እኔ?» ድምጿ ኩሬው ላይ አስተጋባ። «እሱ ይወዳል ብዬ እንጂ! እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ እሾኹን ስለቅም ነው የኖርኩት!»

ሦስቱም ተያዩ። ቬርና ትስቅ ታልቅስ ጠፋት። ኖላ ግራ ሲገባት መረቡን አነሳችና፣ «ሁለት ላውጣላችሁ?» አለች።

«እሺ» አለች ቬርና። ወዲያው «ቆይ፣ ተይው» አለች። ከዚያ መረቡን ራሷ ተቀብላ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንዱ ገባላት። ሲፈራገጥ ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ። ዝም ብላ አየችው፤ ምን እንደምትፈልግበት ግን ራሷም አላወቀችም። መልሳ ለቀቀችው።

ያን ምሽት ደልበርት ቤት ድንችና ዳቦ በሉ። እሱ ቀልድ ሳያነሳ ሳህኖቹን አጠበ፤ እሷ አደረቀች።

«ተናደድሽበት?» አላት በመጨረሻ።

ቬርና ሳህኑን አድርቃ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው።

«ገና አላወቅሁም» አለችው።